ፎጣ የማይጣልበት ስክሪን፦ ለረጅም መስመር ሹፌሮች የሚሆን ዳሽቦርድ አሠራር

የመጀመሪያ ስክሪኔን ፎጣ ተጥሎባት ነው ያገኘኋት።

ቦታው ድሬዳዋ፣ ሳቢያን፣ አንድ ጋራዥ በር ላይ ነው። ሐረር አራግፎ የተመለሰ ተሳቢ ቆሟል። ታብሌቷን ላያት ጋቢናው ላይ ስወጣ በአረንጓዴ ፎጣ ተሸፍናለች። «ምነው ጋሼ፣ ተበላሸች እንዴ?» አልኩት ሹፌሩን። ድሬ ላይ ጋሼም «አንተ» ነው። «ምንም አልሆነችም» አለኝ። «ደንገጎን ስወጣ ናፍጣ አለቀ፣ ናፍጣ አለቀ እያለች ጆሮዬን በላችው። ናፍጣዬ ግማሽ ነው። አቦ ትረፍ ብዬ አለበስኳት።»

ጥፋቱ የእኔ ነው። ዳገት ላይ ናፍጣው ወደ ሳልባታዮው፣ ማለትም ወደ ናፍጣ ታንከሩ፣ አንድ ጫፍ ይሸሻል። ውስጡ የምትንሳፈፈው መለኪያ ትወርዳለች። የእኔ ፕሮግራም ደግሞ ያነበበውን ወዲያው ይጮሃል። ቢሮ ጠረጴዛ ላይ ስሞክረው ዳገት አልነበረም።

ከዚያ ወዲህ የተማርኩትን በቅደም ተከተል ላስቀምጠው። የማወራው ጋቢና ውስጥ ስለሚገጠም ታብሌት ወይም ተጨማሪ ስክሪን ነው። ፋብሪካው ራሱ የገጠመውን፣ የድሮ ሹፌሮች ክሩስኮት የሚሉትን፣ አትንኩት።

ደረጃ 1፦ አብራችሁ ሂዱ

አንድ መስመር ከመሳላችሁ በፊት አንድ ሙሉ ጉዞ ጋቢና ውስጥ ተቀመጡ። ላፕቶፕ አትያዙ። ደብተርና እስክሪብቶ ይበቃል። ሦስት ነገር ብቻ መዝግቡ፦ ሹፌሩ የትኛውን ጌጅ ስንቴ አየ፣ ረዳቱን ምን ጠየቀው፣ ስልኩን ለምን አነሳ።

ከድሬ የሚወጡ ሁለት መንገዶች ጥሩ መፈተኛ ናቸው። አንዱ በደንገጎ በኩል የሚወጣው ነው። ከተማችን 1,200 ሜትር ግድም ላይ ነች። ሐረማያ ስትደርሱ 2,000 ሜትር ሞልታችኋል። ሲወጣ የሹፌሩ ዓይን የሙቀት ጌጁ ላይ ነው። ሲወርድ ደግሞ ዓይኑ የፍሬን ንፋስ (ፍሬኑን የሚያሠራው የታመቀ አየር) ጌጅ ላይ፣ እጁ ማርሽ ላይ፣ ጆሮው ሞተሩ ላይ ነው። ሌላው በሽንሌ በኩል ጂቡቲ ድንበር ላይ ወዳለችው ደወሌ የሚወስደው ነው፤ 220 ኪሎ ሜትር አካባቢ አስፋልት። እዚያ የሚያስቸግረው ሐሩር፣ እንቅልፍና ግመል ነው። በመጀመሪያው መንገድ ሹፌሩ ሥራ በዝቶበታል። በሁለተኛው ሥራ አጥቶ እንቅልፍ ይታገላል። ስክሪናችሁ በሁለቱም መንገድ እኩል ካወራ፣ ደንገጎ ላይ ነገር ያበዛል ማለት ነው።

የእኔ ደብተር ላይ በብዛት የተጻፈው የሹፌሩ ጥያቄ ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ? «በቀኝ ስፖኪዮ ማን አለ?» ነው። እኔ ልሠራለት ካሰብኩት ነገር ውስጥ ግን አንድም ስለ ቀኝ በኩል የሚያወራ አልነበረም።

ደረጃ 2፦ ቁጥሩን ትታችሁ መልሱን አሳዩ

አዳዲስ ከባድ መኪኖች ጄ1939 በሚባለው የመረጃ መስመር የሞተር ሙቀት፣ የዘይት ግፊት፣ የናፍጣ መጠን፣ የሞተር ዙር፣ ሌላም ብዙ ነገር ያስተላልፋሉ። ከመስመሩ አንብቡ እንጂ ምንም አትላኩበት። ማንበቢያ መሣሪያው ራሱ መላክ የማይችል ቢሆን ይመረጣል። የመኪናው ኮምፒውተሮች የሚነጋገሩት በዚህ መስመር ስለሆነ እዚያ የተሠራ ስህተት ስክሪን ላይ ብቻ አይቀርም።

ይሄን ሁሉ ቁጥር ስታገኙ መደርደር ያምራችኋል። እኔንም አምሮኝ ነበር። የመጀመሪያው ስክሪኔ 14 ቁጥር ነበረው፤ የአውሮፕላን ጋቢና ይመስል ነበር። ሹፌር ግን «ናፍጣው ስንት ሊትር ነው?» ብሎ አይጨነቅም። «ያደርሰኛል ወይ?» ነው የሚለው።

ስለዚህ አስሉለት። ሳልባታዮው ውስጥ 200 ሊትር አለ እንበል። መኪናው በያዘው ጭነት በ100 ኪሎ ሜትር 45 ሊትር ይጠጣል። 444 ኪሎ ሜትር ያስኬዳል ማለት ነው። ለዳገትና ለመለኪያው ስህተት 15 በመቶ ቀንሱ፤ 377 ይቀራል። ደወሌ 220 ነው። ደርሶ መልስ 440። ስክሪኑ ላይ የሚጻፈው እንግዲህ ይሄ ብቻ ነው፦ «ደወሌ ያደርሳል። አይመልስም።» ሊትሩን ማየት የፈለገ ሲቆም ይንካውና ይይ።

የፎጣዋን ችግር የፈታሁትም እዚህ ላይ ነው። የናፍጣ ንባቡን የ5 ደቂቃ አማካይ አደረግኩት። ማስጠንቀቂያው የሚወጣው ንባቡ ከወረደ በኋላ መኪናው ሜዳ ላይ ሆኖም ካልተመለሰ ብቻ ነው። የሞተር ሙቀትና የፍሬን ንፋስ ላይ ግን እንዲህ አታድርጉ። እነሱ አይጠብቁም።

ፍጥነትን አትድገሙ። መኪናው የራሱ ጌጅ አለው። ጌጁ ከእውነተኛው ፍጥነት እንዳያንስ ተብሎ ትንሽ አብዝቶ ነው የሚያሳየው። ጂፒኤስ ሌላ ቁጥር ይሰጣል። ሁለት ፍጥነት ሲያይ ሹፌሩ የትኛውን ይመን?

ደረጃ 3፦ በሁለት ሰከንድ የማይነበብ አውጡ

የአሜሪካ የመንገድ ደህንነት መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በ2013 ያወጣው መመሪያ አለ። የወጣው ለቤት መኪኖች ነው፣ ግን ለኛም ይሠራል። አንድ እይታ ከ2 ሰከንድ፣ አንድ ሥራ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ከ12 ሰከንድ እንዳይበልጥ ይላል። በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በ2 ሰከንድ 44 ሜትር ይጓዛል። ሁለት መኪና ከነተሳቢያቸው ተሰልፈው የሚይዙት ቦታ ነው። ያንን ሁሉ መሬት ሹፌሩ ሳያየው አለፈ።

መፈተኛው ርካሽ ነው። ስክሪኑን በወረቀት ላይ በትክክለኛው መጠን ሳሉት። ሹፌሮች ሻይ የሚጠጡበት ሂዱ። ወረቀቱን አንድ ሰከንድ አሳዩና ገልብጡት። «ምን ይላል?» በሉ። ከአምስት ሰው ሦስቱ ካሳቱት የተሳሳተው ወረቀቱ ነው። ኮድ ከመጻፋችሁ በፊት ስድስት ሰባት ወረቀት ቅደዱ።

በአንድ ጊዜ ከሦስት ነገር በላይ አይታይ። ቦታቸውም አይቀያየር። ሰው ቤቱ ውስጥ በጨለማ ማብሪያውን እንደሚያገኘው፣ ሹፌሩም ከሳምንት በኋላ ሳያነብ በቦታው ያውቀዋል። የቀረው ባዶ ይሁን። አሠሪው «ባዶ በዛ» ይላችኋል። እሺ በሉትና አትሙሉት።

ደረጃ 4፦ ፊደል

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። ከውጭ የመጣ ንድፍ ወስደው ቃሉን ብቻ ወደ አማርኛ ይቀይራሉ።

የተለመደው ስሌት የላቲን ፊደልን መነሻ ያደርጋል። ዓይንና ስክሪን 75 ሴንቲ ሜትር ከተራራቁ የፊደሉ ቁመት 4.4 ሚሊ ሜትር ቢሆን ይበቃል ይባላል። ለእኛ ፊደል አይበቃም። የእኛ ፊደል ልዩነቱ ጭረት ላይ ነው። ቱ ጭረቷ ወገቧ ላይ ነው፣ ቲ እግሯ ላይ። ጅ ከድ የምትለየው አናቷ ላይ ባለችው ጭረት ነው። መኪናው ሲንቀጠቀጥ፣ ስክሪኑ ላይ አቧራ ሲኖር፣ መጀመሪያ የሚጠፉት እነዚህ ጭረቶች ናቸው። «ነዳጅ» ብላችሁ የጻፋችሁት «ነዳድ» ይሆናል። እኔ ከ7 ሚሊ ሜትር በታች አልጽፍም። ዋናውን ቁጥር ቢያንስ 15 አደርገዋለሁ።

ጎልቶ እንዲታይ ብላችሁ በጣም ወፍራም ፊደል አትምረጡ። ጨ እና ጩ ውስጣቸው ይደፈንና ጥቁር ነጠብጣብ ይሆናሉ። መካከለኛ ውፍረት ይሻላል። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ብዙ የውፍረት ደረጃ ስላለው መሞከሪያ ይሆናል። ጌጥ ያለው፣ የብራና ጽሕፈት የሚመስል ፊደል ለሠርግ ካርድ ይቆይ። የግዕዝ ቁጥርም እንዲሁ። ቆንጆ ነው፤ ግን 80ን ፹ ብሎ በሁለት ሰከንድ የሚያነብ ሹፌር አላገኘሁም።

ሌላም አለ። ላቲን ላይ አደጋን በትልልቁ ፊደል ይጽፉታል። እኛ ትልቅና ትንሽ ፊደል የለንም። ቃሉ እንዲጮህ ከፈለጋችሁ በመጠን፣ በቦታና በቀለም ነው የምታስጮሁት።

ጂቡቲ መስመር ላይ ያለው ሹፌር ሁሉ አማርኛ ማንበብ አይቀናውም። ኦሮምኛም ሶማሊኛም ምርጫ ውስጥ አስገቡ። በላቲን ሲጻፉ ድርብ ፊደል ስለሚበዛ ሰፋ ያለ ቦታ ይፈልጋሉ። ሳጥኑን በአማርኛ ቃል ለክታችሁ አትዝጉት።

ደረጃ 5፦ ማስጠንቀቂያውን ከኋላ ወደ ፊት ጻፉ

መጀመሪያ የጻፍኩት ማስጠንቀቂያ ይሄ ነበር፦ «የሞተሩ ሙቀት ከተገቢው በላይ ስለጨመረ እባክዎ መኪናዎን በጥንቃቄ ያቁሙ»። ሰዋስው ላይ እንከን የለውም። አስተማሪዬ ቢያዩት ደስ ይላቸው ነበር። ችግሩ፣ አማርኛ ግሡን መጨረሻ ላይ ነው የሚያስቀምጠው። ሹፌሩ ማወቅ ያለበት ቃል «ያቁሙ» ነው። እሱ ደግሞ ዘጠነኛው ቃል ነው። ስምንት ቃል አንብቦ እስኪደርስ ድረስ መንገዱን ማን ያይለታል?

ገለበጥኩት፦ «ቁም! ሞተር ሞቋል።» በቃ።

«ቁም»ን የመረጥኩት የመንገድ ምልክቱ ላይ ያለው ቃል ስለሆነ ነው። ሹፌር «ቁም»ን አያነብም፣ ያውቀዋል። ሴት ሹፌር ብትሆንም ምልክት ሆኖ ስለለመደችው እንደ ወንድ ትእዛዝ አይሰማትም። ከዚህ ውጭ ግን ትእዛዝ አታብዙ። «ቀንስ»፣ «ፈትሽ»፣ «እረፍ» እያለ የሚያዝ ስክሪን ያስጠላል። ያለውን ሁኔታ ብቻ ተናገሩ፦ «ንፋስ ወርዷል»፣ «ዘይት ቀንሷል»። የሚያደርገውን እሱ ያውቃል። «እባክዎ»ንም አውጡት። አክብሮቱ በፊደሉ መጠን ይታያል።

ማስጠንቀቂያን በሦስት ክፈሉ። መኪናውን አሁኑኑ የሚያስቆም፣ ቀጣዩ ማረፊያ ላይ የሚታይ፣ ማታ ጋራዥ ሲገባ የሚነገር። ሦስተኛው በጉዞ ላይ ስክሪኑ ላይ ጭራሽ አይወጣም። እያንዳንዱን ማስጠንቀቂያ ስትመድቡ «ይሄ ሹፌሩን ደንገጎ ቁልቁለት መሃል ላይ ሊያቋርጠው ይገባል?» በሉ። የእኔ 22 ማስጠንቀቂያዎች በዚህ ጥያቄ ሲጣሩ ለመጀመሪያው ክፍል አራት ቀሩ፦ የሞተር ሙቀት፣ የዘይት ግፊት፣ የፍሬን ንፋስ፣ ያልተዘጋ በር።

ደረጃ 6፦ ሰዓቱ የማን ነው?

ጂቡቲ ወደብ ላይ ወረቀቱ 14:00 ይላል። ሹፌራችን 8 ሰዓት ይላል። ሰዓቱ አንድ ነው፣ አቆጣጠሩ በስድስት ይለያያል። ስክሪኑ 14:00 ካለ በልቡ ስድስት ይቀንሳል። ደክሞት ከሆነ ይሳሳታል። ስለዚህ ዋናው ሰዓት በእኛ ይሁን፣ ከጎኑም ጠዋት፣ ከሰዓት፣ ማታ ወይም ሌሊት የሚል ይጻፍ። የወደቡ ቀጠሮ ሁለቱንም ይዞ ይምጣ፦ «ከሰዓት 8:00፣ በወረቀቱ 14:00»።

ቀኑም ያሳስታል። ማክሰኞ ማታ የተነሳ ሰው ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ለእሱ ገና ማክሰኞ ነው። ኮምፒውተሩ ግን ረቡዕ ብሏል። ቋንቋችን ለዚህ ቃል አለው፦ «ለረቡዕ አጥቢያ»። ፕሮግራሙ ላይ ከሌሊት 6 ሰዓት እስከ ጠዋት 12 ሰዓት ይሄን ቃል እንዲጽፍ አድርጉት። ከተስማሙልኝ ለውጦች ሁሉ ሹፌሮች ያመሰገኑኝ በዚህ ነው።

ደረጃ 7፦ ፀሐይና ቀለም

ቢሮ ውስጥ ጥቁር መደብ ላይ ነጭ ፊደል ያምራል። በቀትር ደወሌ መንገድ ላይ ግን ጥቁር ስክሪን መስታወት ነው። ሹፌሩ የሚያየው የራሱን ሸሚዝ ነው። ቀን ነጭ መደብ ላይ ጥቁር ፊደል አድርጉ፣ ማታ ገልብጡት። ለመገልበጫው የብርሃን መለኪያ ከሌላችሁ አትጨነቁ። በእኛ አገር ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ ከ12 ሰዓት ብዙ ሳትርቅ ትወጣለች፣ ትገባለች። ሰዓት ብቻ ቆጥሮ ቢቀየር ይበቃል።

ወደ ደወሌ ጠዋት ስትሄዱ ፀሐይ ከቀኝ መስኮት ትመታለች። ከሰዓት ስትመለሱም ከቀኝ ነው። ስክሪኑን ትንሽ ወደ ሹፌሩ አዙራችሁ በስተቀኙ አንድ ጣት የምታህል ጥላ ግጠሙለት። ከካርቶን ቢሆንም ይሠራል።

ቀለም ላይ አዲስ ነገር አትፍጠሩ። ቀይ አደጋ፣ ቢጫ ጥንቃቄ፣ አረንጓዴ ደህና፣ ሰማያዊ የረጅም መብራት ነው። ሹፌሩ ከክሩስኮቱ ለምዶታል። የድርጅቱ አርማ ቀይ ስለሆነ ብላችሁ ስክሪኑን ቀይ አትቀቡ። ቀይና አረንጓዴ የሚምታታበት ሰውም ስላለ ቀለሙን ከቅርጽ ጋር አጣምሩት።

ደረጃ 8፦ ድምፅና ጣት

ድምፅ አጭር ይሁን፤ ለመጀመሪያው ክፍል ማስጠንቀቂያ ብቻ ይሁን። በጣም የቀጠነ ጩኸት አትምረጡ፣ ዕድሜ የገፋ ጆሮ ቀጭኑን ድምፅ ነው ቀድሞ የሚያጣው። በጣም የወፈረውን ደግሞ ሞተሩ ይውጠዋል። ንግግር ከሆነ የሰው ድምፅ ቅዱ። እኛ ያስቀዳነው አንድ ረዳትን ነው። «ንፋስ!» ሲል እውነት የደነገጠ ይመስላል።

መንካት ያለበትን ነገር ቁልፉን 2 ሴንቲ ሜትር አድርጉት፤ ጣት አቧራና ግራሶ ይዟል፣ መንገዱም ይነቀንቃል። መኪናው ሲሄድ ጽሑፍ መጻፊያው ይዘጋ። ደግሞ አንድ ነገር አትርሱ፦ የእኛ ጋቢና ውስጥ ብዙ ጊዜ ሁለት ሰው ነው ያለው። የጭነት ወረቀት፣ ስልክ መደወል፣ ካርታ መፈለግ የረዳቱ ሥራ ነው። በቀኝ በኩል ያለው የስክሪኑ ሲሶ የእሱ ይሁን፣ በጉዞ ላይም አይዘጋበት። ካርታው ኔትዎርክ ሳይኖር እንዲሠራ አስቀድማችሁ አውርዱት።

ደረጃ 9፦ መግጠም

ከባድ መኪና 24 ቮልት ነው፣ ሞተሩ ሲሠራ 28 ይደርሳል። የቤት መኪና ቻርጀር ብትሰኩበት ሊቃጠል ይችላል። ቢያንስ 36 ቮልት የሚችል መቀነሻ፣ ከነፊውዙ፣ በመኪናው ቁልፍ የሚበራና የሚጠፋ አድርጋችሁ ግጠሙ። ስክሪኑ ፓራብሬዙን አይጋርድ፤ ግን ከዓይን መስመር ከ30 ዲግሪ በላይም ዝቅ አይበል። ዳሽቦርዱ አናት ላይ፣ ፀሐይ ውስጥ አታስቀምጡት። የታብሌት ባትሪ ከ45 ዲግሪ በላይ ሆኖ ቻርጅ ሲደረግ ይጎዳል፣ ያብጣል። በድሬ ፀሐይ ተዘግቶ የቆመ ጋቢና ያንን በቀላሉ ያልፋል። አየር የሚነፍስበት ጋ፣ ነቅሎ ለመያዝ በሚመች ማቀፊያ ይሁን።

ደረጃ 10፦ ሦስት ጉዞ

ቀትር ላይ ደንገጎን ውጡና ውረዱ። ሌሊት ወደ ደወሌ ሂዱ። ሦስተኛው ጉዞ ላይ አትሂዱ፤ ደብተሩን ለረዳቱ ስጡት። ስክሪኑ መቼ ጮኸ፣ እውነት ነበር ወይ፣ ሹፌሩ ምን አለ፤ እነዚህን ብቻ ይጻፍ። ስድቡም ካለ ሳይቀንስ ይጻፍ፣ የሚጠቅማችሁ እሱ ነው። በሐሰት የጮኸውን አንድም ሳታስቀሩ መንስኤውን ፈልጉ።

ማስተካከያውን የምትጭኑት መኪናው ጋራዥ ገብቶ ሲቆም ነው። ሹፌሩ ሽንሌን አልፎ ሳለ ከቢሮ ሆናችሁ ስክሪኑን አትቀይሩበት። ስትቀይሩም ምን እንደተቀየረ ከመነሳቱ በፊት ጋቢናው ውስጥ ቁጭ ብላችሁ አሳዩት።